ሮቢን የሞተው እኛ አገር ነው

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ እኛ የአዲስ ዓመት እንግዳ ሸኝተን ሳንጨርስ፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለት የስልክ መስመሮች ተከፈቱ። ወደ አንደኛው የደወለ ሰው አንድ ልጅ በሕይወት እንዲቆይ ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ ሁለተኛው የደወለ እንዲሞት። ለአንድ ጥሪ ሃምሳ የአሜሪካ ሳንቲም ይከፈላል። ልጁ ጄሰን ቶድ ነው፤ ከባትማን ጎን የሚሰለፈው ሁለተኛው ሮቢን። መስመሮቹ በማግስቱ ምሽት ሲዘጉ «ይኑር» ያለው ድምፅ 5,271፣ «ይሙት» ያለው 5,343 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 72 ብቻ ነው።

የባትማን አፍቃሪዎች እነዚህን ቁጥሮች በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይም ሲከራከሩባቸው ኖረዋል። የያኔው የባትማን መጽሔቶች አርታኢ ዴኒስ ኦኒል፣ አንድ ሰው ኮምፒውተሩን አዝዞ ለሰዓታት ወደ ሞት መስመር ሲያስደውል እንደነበር መስማቱን ከተናገረ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ ብሶበታል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጄሰን ቶድ የሞተበት መጋዘን ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በኋላ የተሠራው ፊልም ይህን ሲሰርዘው፣ ለዋናው ታሪክ ታማኝነት ዘብ ቆመናል ከሚሉት አፍቃሪዎች መካከል ለምን ብሎ የጮኸ አልሰማሁም።

ታሪኩ «ኤ ዴዝ ኢን ዘ ፋሚሊ» ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 በባትማን መጽሔት ከቁጥር 426 እስከ 429 ወጣ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የጻፈው ጂም ስታርሊን፣ የሳለው ጂም አፓሮ ነው። ጄሰን ያን ጊዜ የተወደደ ልጅ አልነበረም። የመጀመሪያው ሮቢን ዲክ ግሬይሰን አድጎ በራሱ መንገድ ሲሄድ ቦታውን የያዘ፣ የባትማንን መኪና ጎማ ሲሰርቅ የተያዘ የጎዳና ልጅ ነው። ቁጡ ነው፤ ሲመክሩት አይሰማም። ብዙ አንባቢ አልወደደውም፤ ስታርሊንም ባትማን ልጅ አስከትሎ ወደ ጥይት መግባቱ ከመጀመሪያው አልተዋጠለትም። ስለዚህ የልጁን ዕጣ ለአንባቢ ፍርድ ሰጡት።

ጄሰን የአባቱን ወረቀቶች ሲያገላብጥ የልደት ሰርተፊኬቱን ያገኛል። የእናቱ ስም ጠፍቶ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ቀርታለች፤ ያሳደገችው ሴት ስም ደግሞ በዚያች ፊደል አይጀምርም። የአባቱ የአድራሻ ደብተር ውስጥ በዚያች ፊደል የሚጀምሩ ሦስት ሴቶች አሉ። ልጁ እናቱን ፍለጋ ከአገሩ ወጥቶ ሊባኖስን አዳርሶ ኢትዮጵያ ይገባል። ሺላ ሄይውድን የሚያገኛት እዚህ፣ ለረሃብተኞች እርዳታ በሚሰጥበት ጣቢያ ነው። እናቱ እሷ ናት።

የባትማን ቀንደኛ ጠላት ጆከር የሺላን የድሮ ጥፋት ያውቃል። በእሱ አስፈራርቶ የእርዳታውን መድኃኒት ይወስድና በምትኩ ገዳይ ጋዙን አሽጎ በከባድ መኪና ወደ ረሃብተኞቹ መጠለያ ይልካል። ባትማን ይህን ሲደርስበት ሁለት ቦታ መሆን አይችልም። ጄሰን ጆከርን ብቻውን እንዳይጋፈጥ አስጠንቅቆት መኪኖቹን ሊያስቆም ይሄዳል። ልጁ ግን እናቱ በጆከር እጅ ናትና አላስቻለውም። ማንነቱን ይነግራታል፤ ሊያድናት መምጣቱን ይነግራታል። እሷ አሳልፋ ትሰጠዋለች። አፓሮ የሳለውን ያንን ገጽ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጆከር ልጁን በብረት ዘንግ ሲቀጠቅጠው እናቱ ፊቷን አዙራ ሲጋራ ታጨሳለች። ጆከር በኋላ እሷንም አስሮ፣ ፈንጂ አጥምዶ፣ በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ጄሰን ነፍሱን ሲያውቅ፣ በዚያ በተሰባበረ ገላው፣ የሸጠችውን እናቱን ገመድ ይፈታል። ፈንጂው ሲፈነዳ በሰውነቱ ከልሏት ነበር። ባትማን ሲደርስ ያገኘው ፍርስራሽ ነው። ሺላ እስትንፋሷ ሳይወጣ ልጇ ያደረገላትን ትነግረዋለች።

አንባቢ የጠላው ልጅ በመጨረሻዎቹ ገጾች ከሁሉም በላይ ትልቅ ሰው ሆነ። ባትማን የዘገየው ደግሞ በቸልተኝነት አይደለም። አንድ መጠለያ ሙሉ ኢትዮጵያውያን በመርዝ እንዳያልቁ ሲሮጥ ነው የዘገየው። ከዚያ ወዲህ ባትማንን ሲከተለው የሚኖረው ጸጸት ክብደቱ ከዚህ ይመጣል። ልጁንና የማያውቃቸውን ሰዎች በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ የማያውቃቸውን መረጠ። በልዕለ ጀግና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከበደ ምርጫ ብዙ አላነበብኩም።

ስታርሊን ኢትዮጵያን ከካርታ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ አላነሳትም። የ1984ቱ ረሃብ፣ የኮረም ምስሎች በዓለም ቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ፣ የኮሚክስ ሰዎችም ለረሃቡ እንደዘፈኑት ሙዚቀኞች ተነስተው ነበር። በ1985 ማርቭል የኤክስ ሜን ጀግኖቹን ይዞ «ሂሮስ ፎር ሆፕ»ን፣ በ1986 ዲሲ ሱፐርማንንና ባትማንን ይዞ «ሂሮስ አጌንስት ሀንገር»ን ለእርዳታ ማሰባሰቢያ አሳተሙ። ሁለቱንም ሐሳብ ካፈለቁት አንዱ ይኸው ስታርሊን ነው። ሰውየው ስለ እኛ ተጨንቋል፤ ይህን አልነፍገውም።

ያም ሆኖ መጽሐፉን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ቅር የሚለው ነገር አለ። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሱት አራት ሰዎች ናቸው፤ ባትማን፣ ጄሰን፣ ሺላና ጆከር። አራቱም ከውጭ የመጡ ናቸው። የአገሩ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው፤ ይራባል፣ መርዝ ይላክበታል፣ ይድናል። ለማዳኑ ሲባል የአንድ ልጅ ሕይወት ቢከፈልም፣ ያ ሕይወት የተከፈለላቸው ሰዎች ምን እንደተሰማቸው የጠየቃቸው የለም።

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የባትማን ነገር ከተነሳ እንቅልፍ የለውም። ማይክል ኪተን ይሻላል፣ ክርስቲያን ቤል ይሻላል፣ የሮበርት ፓቲንሰን ጭንብል ትክክል ነው አይደለም፣ ሁሉንም አብጠርጥሮ ያውቃል። በቀደም ቡና ላይ «ለመሆኑ ጄሰን የት ነው የሞተው?» አልኩት።

«ቦስኒያ ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ ሳያመነታ።

«መጽሐፉ ላይ እኮ እዚህ ነው። እኛ አገር።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ገጾቹን ሳሳየው አንድ በአንድ እያስጠጋ አያቸው። ከዚያ ቀና ብሎ «ታዲያ ለምን አወጡን?» አለኝ።

ልጁ አልተሳሳተም፤ ያየው ፊልም እንደዚያ ነው የሚለው። በ2010 የወጣው «ባትማን፦ አንደር ዘ ሬድ ሁድ» የተሰኘው አኒሜሽን ጄሰንን የሚገድለው ቦስኒያ ውስጥ ነው። በ2020 የወጣው፣ ተመልካቹ ራሱ የልጁን ዕጣ እንዲመርጥ የሚያደርገው አጭር ፊልምም የተሠራው በዚያው ላይ ነው። «ታይታንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ደግሞ ከባትማን ከተማ ከጎተም ሳያወጣው ጨረሰው። የዛሬው ወጣት ጄሰንን የሚያውቀው ከእነዚህ ነው።

ፊልሙ መጥፎ ነው ብዬ አልዋሽም። የ2010ሩ አኒሜሽን በዘርፉ ከተሠሩት ምርጦቹ አንዱ ነው፤ ከመጽሐፉ የተሻለበት ቦታም አለ። በኮሚክሱ ጄሰን ከሞት የሚመለሰው፣ ሱፐርቦይ ፕራይም የተባለ ገጸ ባሕርይ የእውነታን ግድግዳ በቡጢ ስለመታ ነው። አንባቢው ያኔም አልተቀበለውም፤ ዛሬም አልተቀበለውም። ጸሐፊው ጀድ ዊኒክ ታሪኩን ራሱ ወደ ፊልም ሲመልሰው ይህን ጥሎ፣ ራስ አል ጉል የተባለው ሌላው የባትማን ጠላት በልጁ ሞት እጁ ስላለበት በጸጸት ሬሳውን ወስዶ ሙት በሚያስነሳው ጉድጓዱ እንደነከረው አደረገ። ምክንያትና ውጤት ገጠሙ። መጨረሻ ላይ ጄሰን ቀይ ጭንብሉን አውልቆ ባትማንን ሲጋፈጠው ስላላዳነው አይወቅሰውም፤ ጆከር እስከ ዛሬ ለምን በሕይወት እንዳለ ነው የሚጠይቀው። እዚያ ቦታ ላይ ያላለቀሰ የባትማን አፍቃሪ አላውቅም።

ነገር ግን የ75 ደቂቃ ፊልም ነውና ሲያጥር የተቆረጠው ዋናው ሥር ነው። ቦስኒያ ውስጥ ሺላ የለችም። እናት የለችም፣ ክህደት የለም፣ ያ ሲጋራ የለም፣ ጠላቱን በገላው የሚሸፍን ልጅ የለም። መጠለያውም ስለሌለ ባትማን በሞተር ብስክሌት እየበረረ በጥቂት ደቂቃ የሚቀደም ሰው ብቻ ሆኖ ቀረ። መዘግየቱ ዕድል ሆነ፤ ምርጫ መሆኑ ቀረ። ለእህቴ ልጅ የመለስኩለትም ይህንን ነው። እኛን ሲያወጡ ከእኛ ጋር የተያያዘው ሁሉ ተነቅሎ ወጣ።

ስለ ታማኝነት የሚከራከሩ አፍቃሪዎች እንዲያስቡበት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ድምፃቸው ኃይል እንዳለው ያውቃሉ። በዚያው በ1988 ማይክል ኪተን ባትማን እንዲሆን ሲመረጥ 50,000 ያህል የተቃውሞ ደብዳቤ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ጎርፏል፤ ከፊልሙ በኋላ ግን ወደዱት። ሂዝ ሌጀር ጆከር ይሆናል ሲባል ተሳለቁበት፤ ከሞተ በኋላ ኦስካር ተሸለመበት። በ2017 «ጀስቲስ ሊግ» ሲወጣ የዳይሬክተሩ የዛክ ስናይደር እጅ ሥራ አይደለም ብለው ዓመታት ወተወቱ፤ በአውሮፕላን ጨርቅ አስጎተቱ፣ ማስታወቂያ ሰቀሉ። ስናይደር ሥራውን ያቋረጠው ልጁን በማጣቱ ነበርና፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ለሚሠራ ድርጅት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰቡ። በመጋቢት 2021 አራት ሰዓት የሚፈጀው ፊልም ተለቀቀላቸው። ይህን ያህል ፍቅርና ትዕግሥት ያለው ሕዝብ ነው። የካባ ቀለም አንድ ደረጃ ሲደበዝዝ የሚያስተውል ዓይን፣ አንድ አገር ከነሕዝቡ ከታሪኩ ሲወጣ አላየም።

ተገላገልን የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ኢትዮጵያ በተጠራች ቁጥር ረሃብ መጠራቱ ሰልችቷቸዋል፤ ቦስኒያ ትውሰደው ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ በውጭ አገር ትምህርት ቤት በዚያ ምስል የተነሳ የተዘበተባቸው ልጆች ያደጉበትን ቁስል አልክድም። ግን ረሃቡ ውሸት አልነበረም። ሰው አልቋል። ውሸቱ ያለው ያ ሕዝብ እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ አድርጎ መሳሉ ላይ ነው። እርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረን። ከአሰብ ወደብ እህል ሲያወርዱ የነበሩት ወዛደሮች፣ መኪናውን በዚያ መንገድ የነዱት ሾፌሮች፣ መጠለያ ውስጥ ሌሊቱን ያነጉ ነርሶች የእኛው ሰዎች ናቸው። ይህን አስገብቶ መጻፍ ሲቻል ሁሉንም ሰርዞ ሌላ አገር መሄድ ማስተካከል አይባልም።

ጀግናን ከዚሁ ማውጣት እንደሚቻል የራሳችን ልጆች አሳይተዋል። በሰራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ ከ2018 ጀምሮ «ጀምበር»ን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አውጥቷል፤ ጀግናው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። አንብቡት። ዲሲም ጄሰንን አልጨረሰውም። ስለ ዲክ ግሬይሰንና ስለ ጄሰን ቶድ «ዳይናሚክ ዱዎ» የተባለ የአኒሜሽን ፊልም እንደሚሠራ በ2024 ተነግሯል። የልጁን ሞት ይንካው አይንካው፣ አንድ ቀን የሚነካው ዳይሬክተር መምጣቱ አይቀርም።

ያ ዳይሬክተር ምክር ቢጠይቀኝ ሺላን መልስ፣ መኪኖቹን መልስ፣ አገሩን መልስ እለዋለሁ። ከዚያ አንድ ሰው እጨምርለታለሁ፤ የጣቢያው የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ኮረም ወይም አላማጣ የተወለደ፣ ሣጥን ሲገባና ሲወጣ የሚፈርም። መድኃኒቱ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን በእጁ ያውቃል። የዚያን ቀን የተጫኑት ሣጥኖች ቀለውበታል፤ ማኅተማቸውም የሌላ ነው። ባትማን መኪኖቹ ሰው ሳይጨርሱ የደረሰባቸው ይህ ሰው ስለነገረው ይሁን።