የድሮ ሰዓት በኢንተርኔት ሲገዛ፦ ፊቷ ሳይሆን ጀርባዋ ይነበብ



በዚህ ወር ስለ ሰዓት እንጨዋወታለን። ሰዓት ስንል ስለ ጊዜ አጠቃቀም ልንመክር አይደለም፤ ስለዚያ ብዙ ተብሏል። የምናወራው በእጅ ስለምትታሰረው፣ ባትሪ ሳይሆን ሞላ ስለሚያንቀሳቅሳት፣ አባቶቻችን ከጅዳና ከሪያድ ይዘዋት ይመጡ ስለነበረችው የድሮ ሰዓት ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን ይህችኑ ሰዓት ከኢንተርኔት ገበያ በስልካቸው እየፈለጉ መግዛት ጀምረዋል። ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል ሦስቱ በአንድ መንፈቅ ውስጥ ፎቶ እያሳዩ «ኡስታዝ፣ ይህችን እንዴት ያይዋታል?» ብለው ጠይቀውናል። ዐዋቂ መስለናቸው ነው። ያለችን ጥቂት ዕውቀት ግን ገንዘብ ተከፍሎባት የተገኘች ናት፤ ታሪኩም እነሆ።

ወላጅ አባታችን በ1973 ዓ.ም. ከጅዳ ሲመለሱ አንዲት ሴይኮ 5 በእጃቸው ነበረች። ቀኑን በእንግሊዝኛም በዐረብኛም ማሳየት የምትችል ነበረች፤ እርሳቸው ዐረብኛውን አድርገው ነበር የሚይዟት። ልጆች ሳለን ወደ ጆሯችን ያስጠጉልንና «ስማ፣ ትሄዳለች» ይሉን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ማሰሪያዋ ተበጥሶ ወደቀች፤ በዚያው ቀረች። አባታችን ስለ ንብረት የሚያማርሩ ሰው አይደሉም። ይሁን እንጂ ወር ሙሉ እጅጌያቸውን ገለጥ እያደረጉ ባዶ እጃቸውን ሲያዩ ተመልክተናል። ስለዚህ አምሳያዋን ፈልገን ልንተካላቸው ቆረጥን።

ፍለጋው ቀላል ሆነልን፤ ጥፋቱም ከዚያ ጀመረ። በአንድ የኢንተርኔት ገበያ «ሴይኮ 5» ብለን ብንጽፍ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዓቶች ተደረደሩ። ከመካከላቸው ፊቷ እንደ መስከረም ሰማይ ሰማያዊ የሆነች፣ አንዲት ጭረት የሌለባት አንዷ ዓይናችንን ያዘችው። «የ1970ዎቹ፣ ኦሪጅናል፣ በደንብ የምትሠራ» የሚል ተጽፎባታል። ዋጋዋ 60 ዶላር ነው። ሻጩ ሕንድ አገር ነው። ጅዳ ያለ የአክስታችን ልጅ ከፍሎ ተረከባትና በመንገደኛ እጅ ላከልን።

አባታችን ተቀብለው መረቁን። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩአትና፣ «ልጄ፣ ይች እንኳ የኔይቱን አትመስልም፤ የኔይቱ እንዲህ አታብለጨልጭም ነበር» አሉን። እኛም እርጅና የዓይናቸውን ብርሃን ያደከመው መስሎን ፈገግ ብለን አለፍነው። በአምስተኛው ቀን ከውዱእ በኋላ በመስተዋቷ ውስጥ ጉም ታየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆመች።

ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ወሰድናት። ጀርባዋን ከፍተው በማጉያ መነጽራቸው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ኡስታዝ፣ ስንት ሰዓት ነው የገዙት?» አሉን። «አንድ ነዋ፣ ጋሼ» ብንላቸው፣ «እዚህ ውስጥ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት አለ» ብለው አሳዩን። የጀርባ ክዳኑ 7009 የተባለው ማሽን ነው ይላል። ውስጥ ያለው ማሽን 6309 ነው። ሰማያዊው ፊት ደግሞ አሮጌው ቀለም ተፍቆ እንደገና የተቀባ ነው። በውሃ መከላከያው ጎማ ፋንታ የደረቀ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል።

እንግዲህ ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የድሮ ሰዓት ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለችውን ሰዓት «ሙምባይ ስፔሻል» ይሏታል። ነገሩ መነሻ አለው። ሕንድ በሞላ የሚሠራ ሰዓት ለብዙ ዘመን በሰፊው የተለበሰባት አገር ናት። ኤች.ኤም.ቲ. የተባለው የመንግሥት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 ከጃፓኑ ሲቲዘን ጋር ተባብሮ በባንጋሎር ሰዓት ማምረት ጀምሮ ነበር፤ የሰዓት ኩባንያው እንዲዘጋ መንግሥት የወሰነው በ2016 ነው። ስለዚህ በአገሩ አሮጌ ሰዓትም፣ መለዋወጫም፣ እጁ የሠለጠነ ጠጋኝም ሞልቷል። ጠጋኙ ከሦስት የሞቱ ሰዓቶች አንዲት የምትሄድ ሰዓት ያወጣል፤ የደበዘዘውን ፊት ቀብቶ ስሙን ያትምበታል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ የእጅ ሙያ ነው፣ ብዙ ቤተሰብም ያስተዳድራል። «እንደገና የተቀባ ነው» ተብሎ በዋጋው ቢሸጥ ማንም አይጎዳም። የዕቃውን ዐይብ ለገዢ መግለጥ የሻጭ ግዴታ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያሻንም። ችግሩ የተቀባው «ኦሪጅናል» ሲባል ነው። ደግሞም ከሕንድ የሚሸጥ ሁሉ አታላይ እንዳልሆነ፣ ከአውሮፓ የሚሸጥ ሁሉም ሐቀኛ እንዳልሆነ ልብ ይባል።

የሚያናድደው ግን ማስረጃው ሁሉ ከመግዛታችን በፊት በእጃችን የነበረ መሆኑ ነው። ሻጩ የጀርባዋን ፎቶ ለጥፎት ነበር፤ እኛ ፊቷን አይተን ስለረካን አላነበብነውም። አንባብያን የኛ ስንፍና እንዳይደርስባችሁ እንዴት እንደሚነበብ እንንገራችሁ።

ሴይኮ 5 እ.ኤ.አ. በ1963 «ስፖርትስማቲክ 5» ተብላ ወጣች። አምስት የተባለችው አምስት ነገሮችን አሟልታለች ለማለት ነው፦ በእጅ እንቅስቃሴ ራሷን ትሞላለች፣ ቀንና ዕለትን በአንድ መስኮት ታሳያለች፣ ውሃ ትከላከላለች፣ መሙያዋ በአራት ቁጥር በኩል ገባ ብሎ ተቀምጧል፣ ቀፎዋና ማሰሪያዋም ጠንካራ ናቸው። በዚያ ዘመን በተሠሩት ሴይኮዎች የጀርባ ክዳን ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው በጭረት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከጭረቱ በፊት ያሉት አራት አኃዞች የውስጥ ማሽኑን፣ ከጭረቱ በኋላ ያሉት የቀፎውን ዓይነት ይናገራሉ። ስለዚህ ክዳኑ 7009 ካለ በውስጡ ያለው ማሽን ላይም 7009 መነበብ አለበት። የማሽኑን ፎቶ የማያሳይ ሻጭ ቢያጋጥማችሁ «እባክህን ክዳኑን ከፍተህ ፎቶ አንሣልኝ» በሉት። እምቢ ካለ ምክንያቱን መመርመር የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ወደ ሌላው እለፉ።

ሁለተኛው ቁጥር ተራ ቁጥሯ ሲሆን የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። ከጥር እስከ መስከረም ከ1 እስከ 9 ይቆጠራል፤ ጥቅምት በላቲን «ኦ»፣ ኅዳር በ«ኤን»፣ ታኅሣሥ በ«ዲ» ይጻፋል (ወሮቹ የፈረንጅ ናቸው)። የኛይቱ ተራ ቁጥር በ4 እና በ«ዲ» ይጀምራል። ይህም ታኅሣሥ 1974 ወይም 1984 ወይም 1994 ማለት ነው፤ ዓመቱ በየአሥሩ ስለሚደገም በቁጥሩ ብቻ አይለይም። ይሁን እንጂ 7009 የተባለው ማሽን በ1974 ገና አልተሠራም ነበር። ስለዚህ ክዳኗ ቢፈጥን የ1984 ነው፤ ማስታወቂያው ግን «የ1970ዎቹ» ይላል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሒሳብ ነበር። በዚያ ላይ እኛ ሒሳብ እናስተምራለን።

ቀጥሎ የፊቷ ግርጌ ይታያል። በስድስት ቁጥር በታች፣ ከመስተዋቱ ጠርዝ አጠገብ፣ በጣም በደቀቀ ጽሑፍ የፊቱ መለያ ቁጥር ይታተማል፤ እርሱም በማሽኑ ቁጥር ይጀምራል። ዳግመኛ የተቀባ ፊት ብዙ ጊዜ ይህ ጽሑፍ የለውም፤ ወይም ወፍራምና የተንጋደደ ነው። ፎቶውን አስፍታችሁ እዩት። ጽሑፉ በፎቶው የማይነበብ ከሆነ የጠራ ፎቶ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን አርባ ዓመት የኖረች ሰዓት ፊቷ ከፋብሪካ ዛሬ እንደወጣች ካበራ፣ ያ ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ሊያሳድርባችሁ ይገባል። አባታችን ያለ ማጉያ መነጽር ያዩት ይህንን ነበር።

«ትሠራለች» የሚለው ቃልም ይመርመር። ሻጩ ቪዲዮ ሲቀርጽ ለአንድ ደቂቃ የምትሄድ ሰዓት «ትሠራለች» ትባላለች። በውስጧ ያለው ዘይት ግን በዘመናት ብዛት ይደርቃል፤ በደረቅ የምትሄድ ሰዓት ራሷን እየበላች ነው የምትሄደው። ስለዚህ መቼ ተፈታ እንደ ተጠረገችና ዘይት እንደ ተቀባች ጠይቁ። ማስረጃ ያለው መልስ ካላገኛችሁ አልተጠረገችም ብላችሁ ቁጠሩና የማስጠረጊያውን ዋጋ በመግዣው ላይ ደምሩት። ርካሽ የመሰለችን የኛዪቱ 60 ዶላር በዚህ ስሌት ርካሽ አልነበረችም።

ስለ ውሃ አንድ ቃል እንጨምር፤ በቀን አምስት ጊዜ እጁን ለሚያጥብ ሰው ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። በክዳኑ ላይ «ውሃ አያስገባም» የሚል ቢጻፍም ያ ቃል የተነገረው ሰዓቷ አዲስ በነበረች ጊዜ ነው። ጎማው ካልተቀየረና ሰዓት ሠሪው በመሣሪያ ካልፈተሻት በቀር የድሮ ሰዓት ሁሉ ውሃ ታስገባለች ብሎ ማሰብ ይሻላል። በውዱእ ጊዜ ትውለቅ።

የስዊስ ሰዓቶችን በተመለከተ ብዙ አንልም፤ ዋጋቸው ከፍ ስለሚል ለጀማሪ አንመክርም። «20 ማይክሮን» የሚል ካያችሁ የወርቅ ቅቡን ውፍረት መናገሩ ነው፤ ይኸውም የአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እጅ ነው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተፍቆ ውስጡ ያለው ብረት መታየቱን አስተውሉ። ወርቅ ቅብ ለወንድ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። ነገር ግን ሕፃናት ባሉበት ቤት ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት በጨለማ እንዲያበሩ ተብለው የተቀቡ ብዙ ሰዓቶች ቀለማቸው ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለበት። ዛሬ ማብራቱን ቢያቆምም የደከመው ብርሃኑ እንጂ ጨረሩ አይደለም፤ ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለችውን ሰዓት በቤት ውስጥ መክፈትና ቀለሙን መፋቅ ፈጽሞ አይገባም፤ ትቢያው ወደ ሰውነት ከገባ ይጎዳል። በፊቷ ግርጌ «ስዊስ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ የላቲን «ቲ» ፊደል ካለ ግን ቀለሙ ትሪቲየም ነው። እርሱ በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ እጅግ ይቀላል፤ ቢሆንም የልጅ መጫወቻ አይሁን።

አከፋፈሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትልልቆቹ ገበያዎች ዕቃው እንደ ተነገረው ካልሆነ ገንዘብ የሚመልሱበት ሥርዓት አላቸው፤ ይህ የሚሠራው ግን በእነርሱ በኩል ስትከፍሉ ነው። ሻጩ «ከዚህ ወጥተን በቀጥታ ላክልኝና ልቀንስልህ» ካለ የሚቀንሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መብታችሁንም ነው። በውጭ ያላችሁ ወገኖችም በፔይፓል ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ አትክፈሉ፤ በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። በአገራችን በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው ስትገዙ ደግሞ ገንዘቡን አስቀድማችሁ አታስተላልፉ። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተቀጣጠሩ፤ ክዳኑ በፊታችሁ ይከፈት፤ ከዚያ ክፈሉ።

እኛም ኋላ እንዲሁ አደረግን። በቴሌግራም ያገኘነው አንድ ወጣት የሟች አባቱን ሴይኮ ሊሸጥ ወደ ሰዓት ሠሪው መጣ። ፊቷ ወደ ቡናማ የዞረ፣ መስተዋቷ የተጫጫረ፣ ስታይዋት የማታስጎመጅ ናት። ክዳኑ 7009፣ ማሽኑ 7009፣ የፊቷ ግርጌም 7009። ሰዓት ሠሪው አንገታቸውን ነቀነቁልን። ወጣቱ ዋጋውን ተቀብሎ ሰዓቷን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ አይተን፣ ልቡ እንዳልቆረጠ ገብቶን «ካልፈለግህ ይቅር» አልነው። «አይ፣ የሚያስራት ሰው ይሻላታል» አለን።

ተጠርጋ፣ ጎማዋም ተቀይሮ ለአባታችን ሰጠናቸው። ከእንግሊዝኛው ወደ ዐረብኛው ቀን እስክትዞር መሙያዋን ቀስ ብለው አዞሩና ምንም ሳይሉ አሰሯት።

ሰማያዊዋ እስከ ዛሬ በመሳቢያችን ውስጥ ናት። ከተማሪዎቻችን አንዱ «ቆማም ቢሆን ይሽጡልኝ፤ ቀለሟ ያምራል» ብሎናል። በማስቀመጫዋ ውስጥ «ፊቷ የተቀባ፣ ማሽኗ የሌላ፣ ውሃ የምታስገባ» ብለን በወረቀት ጽፈን ጨመርንላትና «መጀመሪያ ይህን አንብበህ ነገ ንገረን» አልነው። እስካሁን አልተመለሰም።