የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ በየክረምቱ ተነቅሎ ስለሚተከለው እግር ኳሳችን

ሐምሌ ሲገባ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይጠጣል፤ ገበሬው ሩዙ መሀል ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል። በዚያው ወር የኢትዮጵያ እግር ኳስም «ይታረማል»። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ገበሬው አረሙን ነቅሎ ሩዙን ይተዋል። ክለቦቻችን ግን አረም ከሩዝ ሳይለዩ ማሳውን ሙልጭ አድርገው ይነቅሉና እንደ አዲስ ይዘራሉ። መዝራትስ መቼ ዘርተው! ሌላ ሰው ማሳ ላይ የበቀለውን ገዝተው ነው የሚተክሉት።

«እገሌ ፈረመ»፣ «እገሌ ተለያየ»፣ «እገሌ ውሉን አራዘመ»… ክረምቱን ሙሉ የምንሰማው ይኸው ነው። መስከረም ጠብቶ ውድድሩ ሲጀመር ደጋፊው ከገዛ ቡድኑ ጋር መተዋወቅ አለበት። አምና ስሙን እየጠራ የዘፈነለት ልጅ ዘንድሮ በተቃራኒ ማልያ ይገባበታል፤ አምና የሰደበው ደግሞ ዘንድሮ «የእኛ» ይሆናል። ደጋፊ ማልያ ነው የሚደግፈው ቢባልም፣ ማልያ ብቻውን ኳስ አያቀብልም።

ይህን ጽሑፍ ወረታ ላይ ቆሞ መጻፍ የተሻለ መሰለኝ። ወረታ ከባሕር ዳር ስልሳ፣ ከጎንደር ደግሞ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። «የጣና ሞገዶቹ» በአንድ በኩል፣ «አፄዎቹ» በሌላ በኩል፤ እኛ መንገዱ ላይ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚሄደውንም የሚመጣውንም ያያል።

ሰባት ዋንጫ፣ ስድስት ክለብ

እስቲ ጣታችንን እያጠፍን እንቁጠር። በ2010 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ጅማ አባ ጅፋር ወሰደ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ። በ2014 እና በ2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ። በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ። በ2017 ኢትዮጵያ መድን። ሰባት ዋንጫ፣ ስድስት ባለቤት።

«ፉክክሩ ምን ያህል እንደጠነከረ ተመልከቱ!» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫውን ያነሳው ከታችኛው ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ንግድ ባንክም እንዲሁ፣ ባደገ በዓመቱ። መጤ ክለብ በገባበት ዓመት ነባሮቹን ሁሉ ጥሎ የሚነግሥበት ሊግ፣ ነባሮቹ ነባር እንዳልሆኑ ነው የሚናገረው። ሁሉም በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ፣ አዲስ መጪው የሚጎድለው ነገር የለም። በዚያ ክረምት በደንብ የገበየ ያሸንፋል፤ በቃ።

ከዚያስ? የጅማው አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ በማግስቱ ዓመት መቐለን ይዞ ሌላ ዋንጫ አነሳ። ጅማ ደግሞ ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት ከሊጉ ወረደ። ዋንጫው መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ ቡድኑ ግን የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በየዓመቱ የሚበጣጠስ ድር ግን ዝንብም አይዝ።

እርግጥ መበተን ሁሉ ምርጫ አይደለም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም ሦስቱን የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ሲያስወጣ ተጫዋቾቻቸው በየአቅጣጫው ተበተኑ። በ2017 ሲመለሱ ቡድናቸውን እንደገና መሥራት ነበረባቸው። እነሱን ጦርነት በተናቸው። ሌሎቻችንንስ ማን በተነን?

አምበሉም ይሄዳል

ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ፋሲል ከነማ በ2013 ሻምፒዮን ሲሆን የጎንደር ደስታ እስከ ወረታ ተሰምቷል። አጥቂው ሙጂብ ቃሲም ወዲያው ወደ አልጄሪያው ጄ.ኤስ. ካቢሊ ሄደ። መልካም፤ ወደ ውጭ መሄድ ለልጁም ለአገሩም ክብር ነው። በቀጣዩ ዓመት ፋሲል ለጥቂት ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ አምበል፣ የብሔራዊ ቡድኑ ተከላካይ ያሬድ ባየህ፣ ወዴት ሄደ? ወደ ባሕር ዳር ከነማ። ባሕር ዳርም በ2015 የውድድር ዘመን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ያሬድን የምወቅሰው ነገር የለኝም፤ ሠራተኛ ነው፣ ውሉን ጨርሷል፣ የተሻለውን መርጧል። እኔን የሚገርመኝ የሚያስቀረው ነገር መጥፋቱ ነው። ዋንጫ ያነሳ ቡድን አምበሉን ለጎረቤት አሳልፎ ሲሰጥ በእጁ የሚገባው የዝውውር ገንዘብ የለም፤ ምክንያቱም በእኛ አገር «ዝውውር» የምንለው አብዛኛው ነገር ዝውውር አይደለም። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ያልቃል፣ ተጫዋቹ ነፃ ይሆናል፣ አዲሱ ክለብ ለተጫዋቹ ይከፍላል። የቀድሞው ክለብ «መልካም ዕድል» የሚል መግለጫ ይጽፋል። ፎቶ ያያይዛል። አለቀ።

አጭር ውል የክለቡም ፍላጎት ነው። የክለቡ በጀት በየዓመቱ ከከተማ አስተዳደር ወይም ከአንድ ድርጅት ካዝና የሚመደብ ነው፤ የከርሞው በጀት ስንት እንደሆነ የማያውቅ ሥራ አስኪያጅ የአራት ዓመት ውል ሊፈርም አይደፍርም። ካዝናው ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ጎንደር ታውቃለች፦ ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም ከሊጉ ወረደ፣ ከዚያም ፈረሰ። ቢራ ፋብሪካው አለ፤ ክለቡ የለም። ፋሲል ከነማ ያንኑ ዓመት ወደ ላይ ባይወጣ ኖሮ ከተማዋ ያለ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ትቀር ነበር።

ጥፋቱ የተጫዋቹ ነው?

እዚህ ላይ ሁሌም የሚመጣ መልስ አለ፤ «ተጫዋቾቹ ገንዘብ አምላኪ ሆኑ»። እስቲ ረጋ ብለን እናስብ። አንድ ተጫዋች በላይኛው ደረጃ ቢበዛ አሥር ዓመት ይጫወታል። ጉልበቱ አንድ ቀን «ቀጭ» ካለ ጡረታ የለው፣ ሌላ ሙያ የለው። ደሞዙ ለወራት ሲቆም ልምምድ አልሠራም ብሎ የቀረ ቡድን በዚህ አገር ብርቅ አይደለም። የአንድ ዓመት ውል ይዞ፣ የሦስት ወር ደሞዝ ቀርቶበት፣ የተሻለ ፊርማ ሲመጣለት «ታማኝ ሁን» የምትሉት በየትኛው አፋችሁ ነው? ታማኝነት ሁለት ጎን አለው። በአውሮፓ ይህ ክርክር የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1995 በቦስማን ፍርድ ነው፤ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች የማንም ንብረት አይደለም።

ባለሥልጣኖቻችን ግን መድኃኒቱን ከተጫዋቹ ኪስ ነው የፈለጉት። በ2011 ዓ.ም ነሐሴ ላይ የወር ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ወጣ። ጣሪያው ከላይ ሲከደን ገንዘቡ በጓሮ በር መግባት ጀመረ፤ ይህን የማያውቅ የስፖርት ሰው የለም። በቅርቡ ደግሞ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር የክለቡን ጠቅላላ ወጪ ወደ መገደብ ሄዷል፤ ይሄኛው ሐሳብ ይሻላል። ሆኖም ሁለቱም የሚመልሱት «ስንት ይከፈል?» የሚለውን ነው። «ለስንት ጊዜ ይቆይ?» እና «ከየት ይምጣ?» የሚሉትን ማንም አልነካቸውም።

አሜሪካኖቹም ጀመሩት

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች በእጅ በሚይዙት ሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የኮሌጅ ፉትቦል አላቸው፤ ስታዲየሙን የሚሞላው የተማሪ ጨዋታ ነው። ድሮ ተጫዋቹ ዩኒቨርሲቲ ሲቀይር አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መዛወር የፈለገ ተማሪ ስሙን የሚያስመዘግብበት መዝገብ ተከፈተ፤ በ2021 አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ ትምህርቱን እስከተከታተለ ድረስ የዝውውር ቁጥር ገደብ ተነሣ። በመሀሉ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። የሆነው የሚጠበቅ ነው፤ ቡድኖች በየክረምቱ ይገለበጣሉ።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ለእኛ ይጠቅማል። በ2022 አንድ አሸንፎ 11 ተሸነፈ። አዲሱ አሠልጣኝ ዲዮን ሳንደርስ አሮጌውን ቡድን አራግፎ ከሃምሳ በላይ ተዘዋዋሪዎችን አስገባ። በመጀመሪያው ዓመት 4 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፤ በሁለተኛው 9 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። እንግዲህ ሐቁን እንናገር፤ መግዛት ይሠራል። ግን ሁለተኛው ዓመት ላይ እንደሠራ ልብ በሉ። የእኛ ክለቦች ሁለተኛውን ዓመት አይጠብቁም፤ በአምስተኛው ሳምንት አሠልጣኙን ያባርራሉ፣ አዲሱ ደግሞ «የራሴን ልጆች ላምጣ» ይላል።

አንድ ሌላ ነገርም አላቸው፦ መዝገብ። ማን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ በግልጽ ይታወቃል። እኛ ዘንድ መዝገቡ ደላላው ስልክ ውስጥ ነው።

ጉና ሲታጠብ ፎገራ ይወፍራል

አሁን ወደ ሆዴ ጉዳይ ልምጣ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሡና የደጋውን አፈር ጠርገው ፎገራ ላይ ያራግፉታል። ፎገራ ለም የሆነው ጉና ስለታጠበ ነው። በእግር ኳስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉናዎቹ እኛ ነን። ሩዝ የታጨደበት ማሳ ላይ በጨርቅ ኳስ የጀመረ ልጅ፣ ከመምህርነት ደሞዙ ቀንሶ ኳስ የሚገዛ የታዳጊ ፕሮጀክት አሠልጣኝ ያሳድገዋል። ልጁ 17 ዓመት ሲሞላው አንድ ሰው መጥቶ ይዞት ይሄዳል። ለአሠልጣኙ ምን ተረፈው? «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» የሚል ወሬ። ለሜዳው ምን ተረፈው? ምንም።

ፊፋ ለዚህ ሕግ አለው። ውል ያለው ተጫዋች በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ደስ ይላል፤ ግን ለእኛ ሁለት ጊዜ ባዶ ነው። አንደኛ፣ ውሉን ጨርሶ በነፃ የሚሄድ ተጫዋች የዝውውር ክፍያ ዜሮ ነው፤ የዜሮ 5 በመቶ ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ያደገበት ፕሮጀክት በክለብነት ካልተመዘገበ ሕጉ አያውቀውም።

የሚያስቀው ምን መሰላችሁ? የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው እዚሁ ወረታ ነው። አንድ የሩዝ ዝርያ ለገበሬ ከመለቀቁ በፊት ይፈተሻል፣ ይመዘገባል። የሩዙ የትውልድ ሐረግ ይታወቃል፤ የልጁ የእግር ኳስ ሐረግ ግን አይታወቅም።

ሩዝ ራሱ ለፎገራ መጤ ነው። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣ ነው። ዛሬ ግን የእኛ ነው። ለምን? ገበሬው ከየምርቱ ዘር እያስቀረ ስላባዛው። ስለዚህ መግዛት ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ኃጢአቱ ገዝቶ መብላት፣ እንደገና ገዝቶ መብላት ነው።

(ዘር ስል የሩዝ ዘር ማለቴ ነው። «ቡድኑ በአገሩ ልጅ ይሞላ» የሚለው ንግግር በእኛ አገር ወዴት እንደሚወስድ አውቃለሁ። የምጠይቀው ልጁ የየትኛው ብሔር እንደሆነ አይደለም፤ የትኛው ሜዳ ላይ እንዳደገ ነው። ከአርባ ምንጭ መጥቶ ፎገራ ላይ ያደገ ልጅ የፎገራ ፍሬ ነው።)

ታዲያ ምን ይሁን?

አንደኛ፣ ይመዘገብ። ከ12 ዓመት ጀምሮ በየወረዳው ፕሮጀክት የሚሠለጥን ልጅ ስሙ፣ ሜዳውና አሠልጣኙ ፌዴሬሽኑ ዘንድ ይቀመጥ። ይህ ስታዲየም መገንባት አይጠይቅም፤ ደብተርና ታማኝ ጸሐፊ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ የፕሪሚየር ሊግ ውል፣ ዝውውር ተባለም አልተባለ፣ ትንሽ መቶኛ ላሳደገው ሜዳ ይሂድ። ሊጉ በ2013 ዓ.ም ከዲ.ኤስ.ቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር የስርጭት ውል ይዞ ነበር የጀመረው። ከእንዲህ ያለ ገንዘብ ለታችኛው ሜዳ ኳስና መረብ የሚሆን አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ ለታዳጊ ተጫዋች የመጀመሪያ ውሉ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይሁን፤ በምትኩም ሁለት ወር ደሞዝ ያልከፈለ ክለብ አዲስ ተጫዋች ማስፈረም አይፈቀድለት። የተጫዋቹን እግር ካሰርክ የክለቡንም እጅ እሰር።

አራተኛው ለእኛ ለደጋፊዎች ነው። በ«እገሌ ፈረመ» ዜና የምንሰክረውን ያህል «ስንት ልጅ ከተስፋ ቡድኑ አደገ?» ብለን እንጠይቅ። ሊጉ ለዓመታት በተመረጡ ከተሞች እየዞረ፣ ሰላማችንም ተናግቶ፣ ቡድናችንን በሜዳችን ማየት ብርቅ ሆኖብናል። ቡድኑን ካላየነው፣ ተጫዋቹን ካላወቅነው፣ ከእኛ የወጣ ልጅ ካልተሰለፈበት፣ ያ ክለብ የእኛ የሚሆነው በምኑ ነው? በስሙ ብቻ?

አያቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ሰርግ ላይ ጌጥ ስለሚዋሱ ሰዎች ነው። ሰርጉ ያልፋል፤ ወርቁ ለባለቤቱ ይመለሳል። የእኛ ክለቦች በየዓመቱ ይዳራሉ፣ በየዓመቱ ይዋሳሉ። ፎገራ ላይ ግን ክፉ ዘመን ቢመጣ እንኳ ጎተራ ጥግ የተቀመጠችውን የዘር ሩዝ የሚነካት የለም። እስቲ ክለቦቻችንን እንጠይቃቸው፤ የዘንድሮውን በላችሁ፣ ለከርሞ ያስቀመጣችሁት የታለ?