በዳንግላ የሚያልፍ መንገደኛ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ቤተሰብ ዳንግላ ሲደርስ የቀረው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ልቡ አስቀድሞ ከጣና ዳር ይደርሳል። ስለዚህ ከመኪናው ወርዶ ቡና ይጠጣል፤ ልጆቹም ጥቂት እግራቸውን ያፍታታሉ፤ ከዚያም ጉዞው ይቀጥላል። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አድርገን አልፈናል። ልጆች «በዚህ ከተማ የሚታይ ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁን «የሚታየውስ ከፊታችን ነው» ብለን መልሰናል። መልሳችን ስሕተት እንደ ነበረ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንናገር ወደናል።

በድሬ ዳዋ የሚያልፍ ሰው ከተማይቱ ለምን እንደ ተቆረቆረች ብዙ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እንደ ደረሰባት የባቡር ጣቢያው ራሱ ይነግረዋል። ዳንግላ ግን ምድር ባቡር ያልደረሰባት ከተማ ናት፤ ታሪኳን የሚናገርላት እንደዚያ ያለ ሕንፃ የላትም። የዳንግላ ታሪክ ጠያቂ ይፈልጋል።

የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም.፥ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንሲል የነበሩት ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን መቀመጫቸው በዚህች ከተማ ነበር። የባሕር ወደብ በሌላት፥ ከሎንዶን ይቅርና ከአዲስ አበባ እንኳ በበቅሎ የብዙ ቀን መንገድ በምትርቅ ስፍራ ያ ኃያል መንግሥት ቆንሲል ማስቀመጡ ስለ ምንድር ነው? ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም፤ የሱዳን ወሰንና የባሪያ ንግድ ጉዳይም ነበረበት። ነገር ግን ዓባይን ሳያነሡ ይህን ነገር መናገር አይቻልም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል እንግሊዞች በዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነታቸው እንዳይሠራ የሚል ቃል አስገብተው ነበር። ከዚያም ወዲህ ዓይናቸው ከጣና አልተነሣም።

ቺዝማን ከቆንሲልነታቸው ሌላ የአዕዋፍን ነገር የሚመረምሩ ሰው ነበሩ። በጣና ዙሪያ ተጉዘው የደሴቶቹን አብያተ ክርስቲያናት ጐበኙ፤ የዓባይን ሸለቆም ተከታትለው ካርታውን ሠሩ፤ ያዩትንም ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ በጻፉት መጽሐፍ በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሎንዶን አሳተሙ። መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ እኛም አናንኳስሰውም። ነገር ግን መንገዱን የመሩት፥ በቅሎውን የጫኑት፥ ማታም እንግዳውን ያሳደሩት የአገር ሰዎች ያዩትንና የታዘቡትን ለማወቅ የምንችለው ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው አፍ ነው። በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት የሞላው ሕፃን ዛሬ ቢኖር ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው ነበር። እንግዲህ የቀረን ካየ የሰማው ነው፤ እርሱም ራሱ ሸምግሏል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ በተመረቀበት ዘመን የሚያድግ ልጅ፥ የአባቶቹ ውሃ አንድ ጊዜ ከዳንግላ ሆነው ይጠብቁት እንደ ነበረ ቢሰማ የሚጠቅመው ይመስለናል።

የጦርነቱም ጊዜ በዚህ አልፏል። በዳንግላ ዙሪያ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና አርበኞቻቸው ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ፥ በሚቀጥለው ወር በዳንግላ የነበረው የኢጣልያ ጦር ከተማይቱን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። የዛሬው መንገደኛ ቡናውን ጠጥቶ የሚሄድበት አቅጣጫ ያው ነው።

ለልጆች ግን ከቆንሲልም ከጦርም ይልቅ ፈረስ ይበልጥባቸዋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዓሉንም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ በእንጅባራ ያከብራል። አባቶቻቸው በፈረስ የዘመቱበት የዓድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው በዚሁ በሰማዕቱ ዕለት ነበር። ኮርቻው፥ ልጓሙና ግላሱ አጊጦ፥ ጉግሱም ደምቆ ሲታይ እጅግ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ለትዕይንት ብቻ የቆመ አይደለም፤ አባሎቹ በሠርግና በኀዘን ይረዳዳሉ፥ የተጣላም ያስታርቃሉ። ወላጆች በዚህ አጋጣሚ የአያቶቻቸውን የፈረስ ስም ለልጆቻቸው ቢነግሩ መልካም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው እንደ ተባሉ የሚያውቅ ልጅ ብዙ ነው፤ የገዛ ቅድመ አያቱን የፈረስ ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እንጅባራ ሳይደርስ የዘንገናን ሐይቅ ያገኛል። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ፥ ክብና እጅግ ጥልቅ ውሃ ነው። ዳርቻው ቁልቁለት ስለ ሆነ ሕፃናትን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገሩ በደረሰው ችግር ምክንያት፥ ማንም ቤተሰብ የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ሳይጠይቅ እንዳይነሣ እናሳስባለን። ለፈረሰኞቹ በዓል የሚሄዱ ደግሞ በእንጅባራ ማደሪያ ሊያጥር ስለሚችል ዳንግላ አድረው በማለዳ ቢነሡ ይሻላል። ማታውንም ከሽማግሌ ጋር ለመጫወት ያገኙታል፤ ልጆቹ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ።