ከሳህን በታች የቀረ ስም

በስዊድን፣ ከስቶክሆልም አጠገብ በሚገኘው የጉስታቭስበርግ የሸክላ ፋብሪካ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በእጅ የተሣሉ ሳህኖችና የአበባ ማስቀመጫዎች (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በእጅጉ ይፈለጋሉ። ሻጩ የንድፍ አውጪውን የስቲግ ሊንድበርግን ስም ይጠራል፤ ገዢውም ለስሙ ከፍሎ ዕቃውን በመስተዋት ቁም ሣጥን ይቆልፋል። በዚህ ልማድ ሁለት ነገሮች ተዘርፈዋል። አንደኛው የዕቃው አገልግሎት፣ ሁለተኛው የሠሪው እጅ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመርምር። የፋብሪካው የኪነ ጥበብ መሪ ቪልሄልም ኮጌ በ1917 በስቶክሆልም በተከፈተው የመኖሪያ ቤት ኤግዚቢሽን ላይ «የሠራተኛው የገበታ ዕቃ» የተባለውን ሥራ አቀረበ። በ1919 ግሬጎር ፓውልሶን የዘወትር ዕቃ ይበልጥ እንዲዋብ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ። በ1937 ደግሞ ፋብሪካው በስዊድን የኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ገባ። የእንቅስቃሴው ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ውበት ከባለጸጋው ሳሎን ወጥቶ የሠርቶ አደሩን ማዕድ እንዲጎበኝ ነው። እርግጥ ነው፣ የ1917ቱን ዕቃ በአብዛኛው የገዛው የተማረው ክፍል እንጂ ሠራተኛው አልነበረም። ይህ ግን ዓላማውን ከንቱ አያሰኘውም። ውበትን ለሕዝብ ማወጅ ብቻውን ውበትን ለሕዝብ እንደማያደርስ ያስተምራል እንጂ።

ወደ እጁ እንምጣ። ኮጌና ሊንድበርግ በ1942 በፋብሪካው ውስጥ ስቱዲዮ አቋቋሙ። ፋየንስ በተባለው የሸክላ ሥራ፣ ሥዕሉ የሚሣለው ገና በእሳት ባልተተኮሰ ነጭ ልባስ ላይ ነው። ቀለሙ ልባሱን እንደነካ ይመጠጣል፤ የተሳሳተ መስመር ተጠርጎ አይታረምም። ይህን ሥራ ቀን በቀን የሠሩት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ሳህኑ ሲገለበጥ፣ ከስቱዲዮው የእጅ ምልክት ጎን የሠዓሊዋ ትንሽ ምልክት ይታያል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ የእነዚህ ሴቶች ስም ግን ከሳህን በታች ቀርቷል።

«እነርሱ የሰውን ሐሳብ ገለበጡ እንጂ አልፈጠሩም» የሚሉ አሉ። እንግዲያው እንጠይቃቸው፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው «በእጅ የተሣለ» መባሉ ከሆነ፣ የማን እጅ ነው የሚሸጠው? በአንድ ንድፍ የተሠሩ ሁለት ሳህኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ መስመር ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል። ያ ልዩነት የንድፍ አውጪው አይደለም፤ ብሩሹን የያዘችው ሴት እስትንፋስ ነው።

«ዕቃው አርጅቷል፤ ሊጠበቅ ይገባል» የሚለውንም አንንቅም። ልባሱ የተሰነጠቀ ሳህን ወጥ አይቅረብበት። ደኅናው ማስቀመጫ ግን አበባ ለመያዝ ተሠርቷልና አበባ ይያዝ።

ስለዚህ ሰብሳቢው ቁም ሣጥኑን ይክፈት። የኤግዚቢሽን አዘጋጁም ሳህኑን ይገልብጥ፤ ምልክቱን ያንብብ፤ ባለቤቷን ፈልጎ ስሟን ከንድፍ አውጪው ስም አጠገብ ይጻፍ። ይህ ለሠዓሊዋ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ የቆየ ዕዳ መክፈል ነው።