ያልበላችው ዓሣ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት ወጪ አያያዝና ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ስለ ዓሣ ጫጩቶች አስተዳደግ እንጽፋለን። «ዓሣና የጦር ሰፈር ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በቅርቡ በዓመት ዕረፍታችን ከአንድ የክፍላችን ሃምሳ አለቃ ጋር ከጅግጅጋ ተነሥተን በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ሐርጌሳ ተጉዘን ነበር። የሃምሳ አለቃው ታላቅ እህት ከባለቤታቸው ጋር በዚያች ከተማ በልብስ ስፌት ይተዳደራሉ። እኛም እንደ ወንድማቸው «እትዬ» ማለትን ወዲያው ለመድን። በሳሎናቸው ውስጥ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በመስታወት የተሠራ የዓሣ ገንዳ ይገኛል። በውስጡም ትውልዳቸው ከማላዊ ሐይቅ የሆነ ቢጫ ዓሣዎች ከሌሎች ልዩ ልዩ ዓሣዎች ጋር ተቀላቅለው ይኖራሉ። እነዚህ ሲክሊድ የሚባሉት ዓሣዎች ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደሉም። ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ሐይቆች የምንመገበው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነውና።

ሐርጌሳ ውሃ የሚከበርባት ከተማ ናት። መካከሏን የሚያቋርጠው ወንዝ ዝናብ ካልጣለ በስተቀር አሸዋ ብቻ ነው። እትዬ የሚገዙት ውሃ በቡና ጀበናቸው ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ይተዋል። ይኸው ጀበናን የሚያስቸግር ውሃ ግን ለማላዊ ዓሣዎች የተስማማ ነው። ከገንዳው የሚቀነሰውም አሮጌ ውሃ አይደፋም፤ በግቢው ያለችውን ሎሚ ያጠጣል።

በደረስን ማግስት ከዓሣዎቹ አንዲቱ ከድንጋይ ሥር ተሸሽጋ፣ ጉሮሮዋ አብጦ አየናት። ምግብ ሲበተን ሌሎቹ ሲሻሙ እርሷ አልቀመሰችም። እኛም «ታማለች» ብለን ፈረድን። ችግር በታየ ጊዜ ፈጥኖ እርምጃ መውሰድን የተማርን እንደ መሆናችን፣ እትዬ ወደ ሥራቸው በሄዱበት ሰዓት ድንጋዮቹን አንሥተን፣ ለብቻዋ ልናስታምማት በመረብ አሳደድናት። ደንግጣ አፏን ከፈተች። ገና አስኳላቸው ከሆዳቸው ያልጠፋ ጥቃቅን ጫጩቶች ተበተኑ። አንድ ስኒ ቡና ተቀድቶ እስኪቀርብ ድረስ እንኳ አልቆዩም፤ የገንዳው ዓሣዎች አንድም ሳያስቀሩ ለቀሟቸው።

እትዬ ሲመለሱ ጥፋታችንን ነገርናቸው። አልተቆጡንም። «መቶ አለቃ፣ አልታመመችም እኮ፤ ይዛ ነበር» ብቻ አሉን። ይህች ቃል ከቁጣ ይልቅ ከበደችን።

የዚህ ዓሣ እናት እንቁላሏን እንደ ጣለች በአፏ ትሰበስበዋለች። ጫጩቶቹ በዚያው በአፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ እርሷ የምትበላው ከምንም የማይቆጠር ነው። የእኛም ቆሮሶ እንደዚሁ በአፉ ያሳድጋል። እንዲያውም የቆሮሶ እናት ጫጩቶቿን ከለቀቀች በኋላ አደጋ ሲመጣ መልሳ በአፏ ትሰበስባቸዋለች። ልዩ ልዩ ዓሣ በተቀላቀለበት ገንዳ ውስጥ ትንሹ ለትልቁ ምግብ መሆኑ ክፋት ሳይሆን ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ ጫጩቶቹን የሚያድነው አስቀድሞ የተሰናዳ መሸሸጊያ ነው።

እትዬ የሚያደርጉት እንደሚከተለው ነው። የእናቲቱ ጉሮሮ ሳይሞላ በፊት፣ በመካከሉ እርሳስ የሚያህል ክፍተት ብቻ እየተዉ ድንጋይ ይከምራሉ፤ ትልቅ ዓሣ በዚያ አይገባም። የውሃ ማጣሪያው ጫጩቶቹን ስቦ እንዳያስገባ አፉን በስፖንጅ ይሸፍናሉ። እናቲቱን ማዛወር የግድ ከሆነ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ በመረብ ሳያሳድዱ፣ በጎድጓዳ ዕቃ ከነውሃዋ ይቀዷታል። የወጡትን ጫጩቶች በዚያው ገንዳ ውስጥ በተንጠለጠለ ወንፊት መሰል ሳጥን ይለያሉ። የተፈጨ ደረቅ ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ ቆንጥረው ይሰጣሉ፤ የተረፈው ውሃውን ስለሚያበላሽ ያወጡታል። ክሎሪኑ እንዲለቀው አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ባደረ ውሃ በየሳምንቱ የገንዳውን አንድ አራተኛ ይለውጣሉ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም በኩባያ ውሃውን እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሳሉ፤ ዓሣዎቹ አየር የሚያገኙት በዚህ ነው።

ማታ ማታ አንዲት አዛውንት የሶማሊ ጎረቤት ከገንዳው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ስትደበደብ፣ አንድ ልጅ አዝለው ሌላውን በእጃቸው ይዘው ወደ ኢትዮጵያ በእግራቸው ከተሻገሩት እናቶች አንዷ ናቸው። በሀርትሼክ መጠለያ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከ200,000 በላይ ስደተኞችን ያስጠለለው ያ ሠፈር በ1996 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ከተማይቱን ከደበደቡት አውሮፕላኖች አንዱም ዛሬ በሐርጌሳ መካከል ለመታሰቢያ ቆሟል። እኒህ እናት የማትበላዋን ዓሣ መጀመሪያ ያዩ ዕለት «ይህችን አውቃታለሁ» ብለው እንደ ነበር እትዬ አጫወቱን። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

የሠራዊቱ አባላት ሆይ፤ ከግዳጅ በዕረፍት ወደ ቤታችን ስንገባ ስንቶቻችን ነን በገባንበት ዕለት ድንጋዩን የምናነሣው? ባለቤታችን ዝም ብላ፣ ከስታ፣ ገበታ ላይ ቁርሷን ለልጆች ስታካፍል እናያለን። ምን ይዛ እንደ ቆየች ሳንጠይቅ «ይህ ለምን ሆነ? ያ ለምን ቀረ?» እያልን ቤቱን እንደ ሻለቃ መጋዘን ቆጠራ እናገላብጣለን። በጎ አሳብ እንዳለን አንጠራጠርም፤ እኛም በጎ አሳብ ነበረን። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትእዛዝ የማይሰጥበት፣ ጥያቄ የሚጠየቅበት ይሁን። ከዚያም ውሃ እንቅዳ፣ የልጆቹን ደብተር እንመልከት፣ የከፋውን በር እንጠግን።

ለእናንተም ለባለቤቶች አንድ ቃል አለን። ዓሣ መናገር አትችልም፤ እናንተ ግን ትችላላችሁ። በዝምታ የያዛችሁትን ችግር በስልክም ሆነ በደብዳቤ ንገሩን። «እንዳይጨነቅ» እያላችሁ ለብቻችሁ አትሸከሙት።

በዚህ ሳምንት እትዬ ለወንድማቸው ስልክ ደውለው ነበር። ያች ዓሣ ዳግመኛ ይዛ፣ ጊዜዋን ጠብቃ ለቅቃለች፤ በድንጋዩ መካከል 11 ጫጩቶች ተቆጥረዋል። ለእኛም መልእክት ልከውልናል፦ «ለመቶ አለቃ ንገርልኝ፤ አሁን መምጣት ይችላል፤ መረቡን ግን ደብቄዋለሁ።»