ስትቆም የምትግል፥ ስትሄድ የምትበርድ መኪና

በዚህ ዐምድ ስለ ጓዳ አያያዝ፥ ስለ ልጆች ጥናትና ስለ ቤት ዕቃ ስንጽፍ ቆይተናል። በዚህ ወር ግን ከቤት ወደ ግቢ ወጥተን፥ ከበሩ አጠገብ ስለምታድረው ስለ ቤተ ሰቡ መኪና ጥቂት ለመናገር ወደድን። ከዚህችው መኪናችን የተነሣ ከሁለት ወር ደመወዝ የሚበልጥ ገንዘብ በከንቱ ልናወጣ ጥቂት ቀርቶን ነበርና፥ በመጨረሻ ያገኘነውን ዕውቀት ለብቻችን ይዘን መቅረት አልፈለግንም።

መኪናችን በአዲስ አበባ በብዙ ቤት የምትታወቀው ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። ይህ ዐይነት መኪና በመጀመሪያ ለገበያ የቀረበው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ሲሆን፥ የእኛይቱ ከሁለተኛው ትውልድ ናት፤ ዕድሜዋም ከታላቂቱ ልጃችን ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፥ እንዲህ ያለችውን አሮጊት ጠግኖና ተንከባክቦ ማኖር ለብዙ ቤተ ሰብ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል።

ነገሩ የተጀመረው ወደ አዳማ ለዘመድ ሠርግ በሄድንበት ቀን ነው። በ2007 ዓ.ም. ለአገልግሎት በተከፈተው የፍጥነት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ፥ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመካከለኛው ቦታዋ ንቅንቅ አላለችም ነበር። ከመውጫው በር ደርሰን፥ ለመክፈል ተሰልፈን ሩብ ሰዓት ያህል በቆምን ጊዜ ግን መርፌይቱ ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ መስመር ትወጣ ጀመር። ወዲያው ከመንገዱ ዳር አውጥተን ሞተሩን አጠፋን። ኮፈኑን ከፍተን ስናይ ከራዲያተሩ አካባቢ እንፋሎት ይወጣል። ወንዱ ልጃችን ሊረዳን ፈልጎ ክዳኑን ለመክፈት እጁን ሲዘረጋ እናቱ «ተው! እንዳትነካው!» ብላ ክንዱን ያዘችው። እኛ አስተማሪ ነን ባዮቹ ገና አፋችንን አልከፈትንም ነበር።

ክንዱን ባትይዘው ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር መግለጥ ይገባናል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ ከፍታዋ ወደ 2400 ሜትር በሚጠጋው በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፥ ዝቅ ባለችው በአዳማም ከ94 ጥቂት ከፍ ብሎ ይፈላል። የመኪና ሞተር ግን ሥራውን በደንብ የሚሠራው ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ደጋ ላይ ሞተሩ በጤናው ሳለ እንኳ ውሃው ሊፈላ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ይህን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በውስጡ ያለው ጠንካራ ሞላ ውሃውን አፍኖ ስለሚይዘው፥ ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ በላይ ለመጋል ይችላል። ክዳኑ በድንገት የተከፈተ እንደ ሆነ ግን እፍንፍኑ ይለቀቅና ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ቅጽበት እየፈላ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ የሚያገኘውም የከፋቹን ፊትና እጅ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ቱቦ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ድረስ፥ ከግማሽ ሰዓትም ቢበልጥ፥ ክዳኑን መንካት አይገባም። እኛም በዚያ ቀን ሠርጉ ከተጀመረ በኋላ ደረስን፤ ማንም አልተቀየመንም።

ወደ አዲስ አበባ እንደ ተመለስን መኪናይቱን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ ሞተሩ መፈታት አለበት» አለን፤ ዋጋውንም ነገረን። ደንግጠን «አስበን እንመለሳለን» ብለን ወጣን። ማሰባችን በጀን።

በዚያው ምሽት ከጎረቤታችን ጋር፥ ብዙ ዘመን የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ ከኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋር፥ ደጅ ላይ ተገናኘንና ያገኘንን ነገር አጫወትናቸው። እርሳቸውም «መምህር፥ የምትግለው ስትቆም ነው ወይስ ስትሄድ?» ሲሉ ጠየቁን። ስትቆም መሆኑን ነገርናቸው። «ስትሄድስ ትበርዳለች?» አሉን። ትበርዳለች አልናቸው። «እንግዲያው ሞተሩን የሚፈታ ሰው አይምጣብዎ፤ መጀመሪያ ቬንትሌተሩን ይዩት» አሉን።

ምክንያቱን እናስረዳ። መኪና በፍጥነት ስትሄድ ከፊቷ የሚመጣው ነፋስ ብቻውን ራዲያተሩን ለማቀዝቀዝ ይበቃል። ስትቆም ወይም በተጨናነቀ መንገድ እንደ ኤሊ ስትሳብ ግን ነፋስ የለም፤ ያን ጊዜ ከራዲያተሩ በስተ ኋላ የተቀመጠው ማራገቢያ አየሩን ከፊት ወደ ኋላ መሳብ አለበት። በቀድሞዎቹ ትልልቅ መኪናዎች ማራገቢያውን ሞተሩ ራሱ በቺንጊያ ያሽከረክረው ነበር። እንደ ራቭ ፎር ባሉት ግን ሞተሩ በአግድሞሽ ስለ ተቀመጠ ወደ ራዲያተሩ የሚያየው ጎኑ ነው፤ ቺንጊያውም ወደዚያ አይደርስም። ስለዚህ ለማራገቢያው የራሱ የሆነ፥ በባትሪ ኀይል የሚሠራ፥ ቡጢ የሚያህል ትንሽ ሞተር ተሰጠው። ያ ትንሹ ሲሞት ትልቁን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይታይ፥ ውሃውም ሳይፈስ ይጎድል፥ ዘይቱም ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር። በእኛይቱ ላይ ከነዚህ አንዱም አልታየም።

በማግስቱ ሽማግሌው በራሳቸው ካቻቢቴና በአንድ ቁራጭ ሽቦ መረመሩልን። በመጀመሪያ መኪናይቱን አስነሥተው የአየር ማቀዝቀዣውን ከፈቱ፤ በብዙ መኪናዎች ይህ ሲከፈት ማራገቢያው መዞር ይገባዋል። አልዞረም። ቀጥለው ፊውዙን አወጡ፤ ደኅና ነው። ሪሌውን ከሌላ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ለዋወጡት፤ ለውጥ የለም። ከዚያ የማራገቢያውን ሶኬት ነቅለው፥ ፊውዝ ባለበት ሽቦ ከባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ ሰጡት። አሁንም ዝም አለ። በካቻቢቴው እጀታ የሞተሩን ጀርባ ቀስ አድርገው ቢመቱት ግን ጥቂት ዞሮ ቆመ! «ካርቦኑ አልቋል» አሉ። ካርቦን የሚሉት፥ ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያሻግሩትን ሁለቱን ትንንሽ የከሰል ቁራጮች ነው፤ በመፋተግ ብዛት ያልቃሉ። ሞተሩ በቀጥታ ሲሰጠው ዞሮ ቢሆን ኖሮ በሽታው በሽቦው፥ በሪሌው ወይም ሙቀቱን በሚለካው መሣሪያ ላይ ነው ማለት ነበር።

ሽማግሌው በዚያ ሳምንት ወደ አገራቸው ስለሚሄዱ «እስክመለስ ይታገሡኝ» ብለውን ነበር። እኛ ግን አልታገሥንም። ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደን፥ ከሌላ ዐይነት መኪና የወጣ፥ ልኩ የገጠመ አሮጌ ሞተር ገዝተን መጣን፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላም ሥራውን ጀመርን።

አፈታቱ እንደ ፈራነው አይደለም። ሞተሩ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ አወጣን፤ ይህ የማይታለፍ ነው፤ የጋለ መኪና ማራገቢያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ በድንገት ሊዞር ይችላልና ጣት ይቆርጣል። (በኮፈን ሥር ጎንበስ የሚሉ እናቶችም የነጠላቸውን ጫፍ ይሰብስቡ።) የላይኛው ቱቦ ስላስቸገረን ጥቂት ውሃ አንቆርቁረን ለቀቅነው። ሶኬቱን ነቅለን፥ ማራገቢያውን ከነ ማቀፊያው የያዙትን ብሎኖች በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈታንና ወደ ላይ ሳብነው። የራዲያተሩ ክንፎች እንደ ወረቀት ስስ ስለ ሆኑ፥ እንዳይተጣጠፉ በመካከል ካርቶን አስገብተን ነበር፤ በዚህስ ልንመሰገን ይገባናል። ምላጩን የያዘው ዳዶ በአንዳንዱ መኪና በግራ ስለሚፈታ፥ እንቢ ያለ እንደ ሆነ በግድ ከማዞር በፊት ጥርሱን መመልከት ያስፈልጋል። ሞተሩ ራሱ የተያዘው በሦስት ብሎን ብቻ ነው።

ችግሩ የመጣው ከሶኬቱ ነው። የገዛነው ሞተር ሶኬት ከመኪናችን ጋር አልገጠመም፤ የሽቦዎቹም ቀለም አይመሳሰልም። እኛም «ሁለት ሽቦ ነው፥ ምን ይመጣል» ብለን ቆርጠን እንደ መሰለን አያያዝናቸው። ከጨረስን በኋላ አስነሥተን የአየር ማቀዝቀዣውን ብንከፍት ማራገቢያው በሚያስደስት ድምፅ ዞረ! ልጆቹ አጨበጨቡልን። ሰኞ ማለዳ ግን መገናኛ ላይ መኪና ተጨናንቆ በቆምን ጊዜ መርፌይቱ እንደ ገና መውጣት ጀመረች። ከቶ ጋራዡ እውነቱን ነበርን? እያልን፥ የአየር ማቀዝቀዣውን ዘግተን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትን፤ ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት እየቀነሰ ወደ ውስጥ ያመጣልና ለጊዜው ይረዳል። በላብ ተጠምቀን ትምህርት ቤት ደረስን።

ሽማግሌው ሲመለሱ ጉዳዩን በኀፍረት ነገርናቸው። ሳይስቁብን ልጃችንን ጠርተው ከደብተሯ አንድ ወረቀት እንድትቀድ፥ ማራገቢያው ሲዞርም ከመኪናይቱ ፊት ካለው ፍርግርግ ላይ እንድታስጠጋው አዘዟት። ወረቀቱ መሳብና መለጠፍ ሲገባው፥ ከእጇ አምልጦ ወደ ፊቷ በረረ። ማራገቢያው በግልባጩ እየዞረ፥ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ራዲያተሩ ይነፋ ኖሯል! እንዲህ ያለው ሞተር ሁለቱ ሽቦዎች የተለዋወጡ እንደ ሆነ አዟዟሩ ይገለበጣል፤ ይህንን ደግሞ እኛው በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናስተምረው ነው። ሽቦዎቹን ለዋውጠው፥ በብየዳ አያይዘው በደንብ ጠቀለሏቸው። ወረቀቱ ፍርግርጉ ላይ ተለጠፈ።

ከዚያ ግማሽ የተጣራ ውሃና ግማሽ የራዲያተር ፈሳሽ ሞላን፤ የቧንቧ ውሃ ብቻውን በውስጡ ዝቃጭ ያበጃልና አይመከርም። አየሩ እንዲወጣም ማሞቂያውን ከፍተን፥ ማራገቢያው በራሱ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ እስኪቆም ድረስ ሞተሩን ሳናጠፋ ጠበቅን። መርፌይቱ ከመካከል አልወጣችም። ወደ ጋራዡም አልተመለስንም።

አሮጌውን ሞተር ግን አልጣልነውም። ከፍተን ብናየው ካርቦኖቹ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ ሆነው አገኘናቸው፤ ሽማግሌው በትንሽ ገንዘብ አዲስ ካርቦን አስገቡለት፥ እንደ ቀድሞውም ዞረ። እስከ ሶማሌ ተራ ባልወረድንም ነበር! አሁን በትምህርት ቤታችን በሳይንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹም ተራ በተራ ሽቦዎቹን እየለዋወጡ ወረቀት ያስጠጉበታል።