ኮምፒዩተሩ በርቶ ይደር ወይስ ይጥፋ?



በየቤታችን ኮምፒዩተር መግባቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። ልጆቻችን ያጠኑበታል፤ ሂሳብ የሚሠሩ፣ የሚተረጉሙና ዲዛይን የሚያወጡ ወጣቶችም የዕለት እንጀራቸውን ያገኙበታል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ጋር በየግቢው አንድ ክርክር ተነሥቷል። ይኸውም «ማታ ስንተኛ ይጥፋ ወይስ በርቶ ይደር?» የሚል ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ይመስላል። ነገር ግን አምስትና ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ የጎረቤትን ፍቅር የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ለማቅረብ ወደናል።

«በርቶ ይደር» የሚሉት ወገኖች ዋና ምክንያታቸው «ማጥፋትና ማብራት ዕቃውን ይገድለዋል» የሚል ነው። ይህ እንዲያው ከሜዳ የተነሣ አባባል አይደለም። ዕቃ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህ መፈራረቅ ብየዳውን ያላላው ነበር። የዛሬዎቹ ግን ለዚህ ታስቦላቸው የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስኮች 50 ሺህ ጊዜ ያህል ተነሥተው እንዲቆሙ ሆነው ይሠራሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ብናጠፋና ብናበራ 68 ዓመት ይፈጃል ማለት ነው! እስከዚያ ድረስ ኮምፒዩተሩ በሌላ ምክንያት ተጥሏል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። አንድ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ሥራ ሳይሠራ በርቶ ብቻ ቢቀመጥ 100 ዋት ይወስዳል እንበል። ቀንና ሌሊት ሲበራ በ30 ቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በቀን ለአራት ሰዓት ብቻ ቢሠራበት ግን 12 ነው። በከንቱ የሚነደው ልዩነት 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ስንት ነው ለሚል፣ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ለ17 ሰዓት ያህል ይጋግርበታል። እናቶቻችን በ17 ሰዓት ስንት እንጀራ እንደሚያወጡ ያውቁታል!

እዚህ ላይ ነው የጎረቤት ጉዳይ የሚመጣው። እንደሚታወቀው የመብራት ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ክፍያም እያደገ የሚሄድ ነው። ስለሆነም በጋራ ቆጣሪ ላይ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ የራሱን ብቻ ሳይሆን አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ብቻ ያላቸውን እማማንም ወደ ላይኛው ታሪፍ ይዞ ይወጣል። ወር ሲደርስ ሂሳቡ በቤት ቁጥር እኩል ይካፈልና ኩርፊያ ይጀመራል። «ኧረ ምን አለበት፣ አንድ ኮምፒዩተር እኮ ነው» የሚሉ ይህን ያስቡበት።

ሌላው ከበድ ያለ ጉዳይ መቆራረጡ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ በየቤቱ በርቶ የቀረው ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ኃይሉ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሶኬት ላይ ያለ ዕቃ ይጎዳል። በመጻፍ ላይ ያለ ፋይልም ይበላሻል። የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ሌሊት የሚጠፋው እንዲህ ነው። ከዚህም በላይ ፍሪጅም፣ ካውያም፣ ኮምፒዩተርም በአንድ ደካማ ዲቫይደር ላይ ተደርድረው ቤተሰቡ ሲተኛ የሚደርሰውን አደጋ መናገር አያሻም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

በአንጻሩ ሌሊት የሚሠራ ሰው አለ። ባሕር ማዶ ካሉ አሠሪዎች ጋር የሚሠራውን፣ ወይም ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ሰዓት ትምህርቱን የሚያወርደውን ልጅ «አጥፋ» ማለት ከእንጀራው ማፈናቀል ነው። እኛ የምንለው የማይሠራበት ኮምፒዩተር አይብራ ነው። ለዚህም የሚከተለውን እንመክራለን፦

ለሻይ ወይም ለምሳ ሲነሡ ስክሪኑን ብቻ ማጥፋት ይበቃል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ምክርም ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆዩ ስክሪኑ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ከሆነ ኮምፒዩተሩም ይጥፋ የሚል ነው።

«ስሊፕ» የሚባለው ማስተኛ ጥቂት ዋት ብቻ ስለሚወስድ መልካም ነው። ነገር ግን ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ከሄደ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስሊፕ ለላፕቶፕ፣ ማጥፋት ለዴስክቶፕ ብንል ይሻላል።

ሲያጠፉ በሥርዓቱ ከመዝጊያው ያጥፉ፤ አፕዴት እያደረገ ከሆነ እስኪጨርስ ይታገሡ። ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ተሰክቶ ያደረ ዕቃ ቢጠፋም ከኃይል መዋዠቅ አያመልጥም።

ዩፒኤስ ያላችሁም፣ እሱ ሥራን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ እንጂ ሌሊቱን የሚያሳድር ጀነሬተር አይደለም።

በመጨረሻም የጋራ ቆጣሪ ያላችሁ ግቢዎች ሁሉ ከወር ሂሳብ በፊት ተሰብስባችሁ እንድትነጋገሩ ማኅበራችን አደራ ይላል። ሌሊት የሚሠራበት ሰው ይናገር፤ ድርሻውንም ከፍ አድርጎ ይክፈል። ሌላው እንዳጠፋ ይደር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና የመብራቱንም ሂሳብ ተመካክረን ብንሸከመው ለማንም አይከብድም።